ስለ አዋሽ ምድር ባቡር ጣቢያ

እኛ በላስታ ደጋ፥ በገነተ ማርያምና በአካባቢው የምንኖር ሰዎች ምድር ባቡር በደጃችን ሲያልፍ አላየንም። ዳሩ ግን ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ፥ ከወልዲያ አጠገብ እንዲደርስ የታሰበው የ392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ስለ ተጀመረ፥ ሐዲዱ የሚነሣበት አገር ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ለቤተሰባቸው ለማስረዳት የሚወዱ ክቡራን አንባቢዎች ይኖራሉ ብለን ይህን ጽፈናል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ ሰው ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ስለ ከሰረ ሐዲዱ ብዙ ዓመት በዚያው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ ሥራው እንደ ገና ቀጠለ፤ በረሓውን አቋርጦ የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበርና ይህን ለማየት አልበቁም። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበረ።

አዋሽን ትልቅ ጣቢያ ያደረገው ሌሊት ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በጨለማ አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ 3 ቀን ይፈጅ ነበረ፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ስለዚህ በበረሓው መካከል አልጋና እራት የሚገኝበት ቤት አስፈለገ፤ ቡፌ እየተባለ የሚጠራው የእንግዳ ቤት ከጣቢያው አጠገብ የቆመው ስለዚህ ነው። በማግሥቱ የሚቀረው መንገድ ዳገት ነው፤ አዋሽ 1000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የላስታ ሰው ዳገትን በበቅሎ ያውቀዋል፤ በእሳት ኃይል ሲወጡት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የተጠሩት የውጭ አገር መልእክተኞች የመጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ፥ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ስደት ሲሄዱ በዚያው በአዋሽ አልፈው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ጠላትም በ1933 ዓ.ም. ሲሸሽ ድልድዩን አፍርሶ ሄደ፤ በኋላ ተጠገነ።

በወረራው ዘመን ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን ባቡር መጥቶ ጉዞው አጠረ። ሰው ሁሉ ፍጥነትን ያመሰግናል፤ አልጋ ለሚያነጥፈውና ወጥ ለሚሠራው ሰው ግን ባቡሩ በፈጠነ ቍጥር እንጀራው እንደሚቀንስ የሚያስብለት ጥቂት ነው። እንግዳው ማደሩን ትቶ ለምሳ ብቻ ይወርድ ጀመር።

ስለ ቤተሰብ በሚነገርበት በዚህ ገጽ አንድ ኀዘን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር በአዋሽ አቅራቢያ ጠማማውን ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ነፍስ ጠፋ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው።

ሐዲዱ እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ተቋረጠ፤ ጣቢያውም ሥራ ፈታ። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ነገር ግን በሌላ መስመር ስለሚሄድ በአሮጌው ጣቢያ አያልፍም። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነውና የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች ሊሄዱበት አይችሉም። ወደ ወሎ የሚመጣውም ሐዲድ ስፋቱ እንደዚሁ እንደ አዲሱ ነው።

ቡፌው ግን ባቡሩ ከቆመ በኋላም እንግዳ መቀበሉን አልተወም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በመኪና የሚሄዱ ሰዎች፥ ባቡር በማይመጣበት ሐዲድ ፊት ለፊት በጥላ ሥር ተቀምጠው ምሳ በልተው ሄደዋል።