ከቱቲ ደሴት የምንማረው

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት፣ በካርቱም እምብርት፣ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። ከአገራችን ደጋ ታጥቦ የወረደው ደለል ያለበሳት ይህች ምድር ለብዙ ዘመን ለከተማይቱ አትክልትና ፍራፍሬ ስታቀርብ ኖራለች። እኛ ደቦ የምንለውን ሱዳናውያን ነፊር ይሉታል፤ ማሳ ሲሰበሰብ፣ ቤት ሲሠራ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወጣቱ ከአዛውንቱ ጎን ይሰለፋል፤ ማምረትንና ማካፈልንም በአንድነት ይማራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ቱቲም ተከበበች፤ ሌላውን ትመግብ የነበረች ደሴት ራሷ ተራበች፤ ብዙው ነዋሪዋም ተሰደደ። ማሳው ብቻውን ሕዝቡን ሊያድን አልቻለም። ልማዱ ግን አልጠፋም። በካርቱም በየሰፈሩ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው የጋራ ማዕድ ቤት አቋቋሙ፤ የተገኘችውንም ጥቂት ምግብ ለተራበው አከፋፈሉ።

እኛስ? በጦር ሠፈራችን ከየቤቱ ደጃፍ ያለችው ቁራሽ መሬት ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ትሁን። ቆስጣ ከተዘራ በ2 ወር ገደማ ይደርሳል፤ የዳር የዳሩ ቅጠል ተቆርጦ መሐሉ ከተተወ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። እናቶች ሆይ፣ የመጀመሪያውን እስር ልጁ በገዛ እጁ ይዞ፣ ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ወደሚገኝ ጎረቤት ያድርስ። በደኅና ቀን ማካፈልን ያልተማረ፣ በክፉ ቀን ከወዴት ያመጣዋል?