ያውቁ ኖሯል? ማርሻል የፌንደር ልጅ ነው

የሮክ ጊታር ጩኸት መለያ የሆነው የእንግሊዙ ማርሻል አምፕሊፋየር ሲጀመር የአሜሪካው ፌንደር «ቤዝማን» ቅጂ ነበር። ቤዝማን ደግሞ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የተሠራው ለቤዝ ጊታር ነው!

በለንደን የከበሮ መሸጫ የነበረው ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወስደው በአገራቸው በሚገኝ ዕቃ ሠሩት። ፌንደር ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን አራት ባለ10 ኢንች ስፒከር ሲደረድር፣ እነሱ ባለ12 ኢንች አራቱን በዝግ ሣጥን አደረጉ። በመግቢያው ላይም ይበልጥ የሚያጎላ ቫልቭ (የቫኩም ቱቦ) ሰኩ። ድምፁ ወፈረ፣ ቶሎም መሻከር ጀመረ።

ቫልቭ ሲጨናነቅ ድምፁን በአንዴ አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። የጊታሩን ክር ለስለስ አድርገው ሲመቱት ድምፁ ይጠራል፣ ጠንከር ሲያደርጉት ይሻክራል። መቆጣጠሪያው ጣትዎ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎረቤት ጩኸቱን ከታገሠ!