የእጅ ሰዓትና ዐሥራ ሦስቱ ወራት፦ ከአሰባሰብ መስፈርት የሚጎድለው ማስረጃ

የእጅ ሰዓት አሰባሰብ በአብዛኛው የሚመዝነው አምራቹን፣ ሞዴሉንና የክፍሎቹን ትክክለኛነት ነው። ይህ መስፈርት ዋናውን ከቅጂው ይለያል፤ ሰዓቱ በባለቤቱ እጅ እንዴት እንደ ሠራ ግን አያሳይም።

በገሳይና በደብረ ታቦር፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ በሌላው ዓለም አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት የሚባለው 1 ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ 6 ሰዓት በመሆኑ መርፌውን ማዞር ብቻ ይበቃል። የሚያስቸግረው የቀን ማሳያው ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው 12 ሰዓት ላይ ስለ ሆነ፣ በአገር አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ንጋት ወይም ምሽት ላይ ነው። ቀለበቱም 31 ቁጥሮች ስላሉት፣ ባለቤቱ በየወሩ 31ን፣ በጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 በኋላ ያሉትን ሁሉ በእጁ ያሳልፋል።

ውድነት ይህን አይፈታም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው ፓቴክ ፊሊፕ 2497 የወራቱን ርዝመትና ሠግር ዓመትን በራሱ ያስተካክላል፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ የጎርጎርዮስ ነው። ሰዓቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ክርክር ከክሪስቲስ ጨረታ ወጥቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ2.5 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል።

የንጉሠ ነገሥቱን ሰዓት ታሪክ ሰነድ ጠብቆታል። የመምህሩ ወይም የሹፌሩ ሰዓት፣ ቅጂም ይሁን ዋና፣ ሰነድ የለውም፤ የቆመ መርፌም በየትኛው አቆጣጠር ይሞላ እንደ ነበር አይናገርም። ስለዚህ የባለቤቱ ቃል ሰዓቱ ከእጁ ሳይወጣ መመዝገብ ይኖርበታል።