ስለ አናጢ ሞርሳ አሠራርና ጥቅም

ገበሬ በእርሻ ወራት ሞፈሩ ወይም ቀንበሩ ሲሰበርበት፥ አዲሱን ዕንጨት በእግሩ ረግጦ በመጥረቢያ ማስተካከሉ የተለመደ ነው። ነገር ግን በደንብ ያልተያዘ ዕንጨት ይንሸራተታል፤ ስለቱም ወደ እግር ያመልጣል። እግሩ የቆሰለ ሰው ደግሞ በሬዎቹ ደኅና ሳሉ እርሻው ይታጐልበታል። ከዚህ አደጋ የሚጠብቀው፥ ሁለቱንም እጅ ለመጋዝና ለመላጊያ ነጻ የሚያደርገው መሣሪያ ሞርሳ ነው፤ ስሙም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው።

ለገጠር የሚስማማው በሥራ ጠረጴዛ እግር ላይ የሚሠራው ዓይነት ሲሆን ክፍሎቹ አራት ናቸው። 1ኛ፤ የማይነቃነቅ መንጋጋ የሚሆነው የጠረጴዛው እግር። 2ኛ፤ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ ዕንጨት ተጠርቦ ከፊቱ የሚቆም ተንቀሳቃሽ መንጋጋ። 3ኛ፤ ሁለቱን አልፎ የሚገባ፥ ጥምዝ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ፤ ዳዶው ከእግሩ በስተጀርባ ይታሰራል። 4ኛ፤ ከተንቀሳቃሹ መንጋጋ ግርጌ ተተክሎ በጠረጴዛው እግር ውስጥ የሚያልፍ፥ በተርታ የተበሳ ጠፍጣፋ ዕንጨት ከነችንካሩ።

የዘንጉ ጥርሶች በ5 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፥ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር መንጋጋው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጠጋል። ከዘንጉ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የያዘው እጅ ግን በዚያው ዙር 125 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የእጅ መንገድ 250 ጊዜ ያህል ስለሚረዝም፥ ሰበቃ ባይኖር ኃይሉም በዚያው መጠን በበዛ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው በሰበቃ ይጠፋል፤ ሆኖም እጅ ሲለቀው ዘንጉ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ይኸው ሰበቃ ነው።

የሚያዘው ዕንጨት ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፥ ችንካሩ የመንጋጋውን ግርጌ በዚያው ልክ አርቆ እንዲያቆም ይሰካል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ መንጋጋዎች ትክክል ሆነው ይጨብጣሉ። ችንካሩ ቢዘነጋ ግርጌው ወደ ውስጥ ይገባል፥ አፉም ይከፈታል፤ ዕንጨቱም በአንድ ጠርዝ ብቻ ተይዞ ያመልጣል። ደግሞም ከዘንጉ እስከ አፉ 20፥ ከዘንጉ እስከ ችንካሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ከዘንጉ ኃይል ሦስት አራተኛው ለአፉ ይደርሳል፤ ችንካሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ግን እኩሌታው ብቻ ነው። ስለዚህ ችንካሩ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይደረግ።

የመንጋጋው አፍ ቆዳ ቢለብስ ሥራውን አያቈስልም። ጥርሱ ከአቧራ ይጠረግ፤ ዘይትም ይቀባ። እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ ማጥበቅ ግን ዕንጨቱን ይሰነጥቃል፥ ጥርሱንም ይጐዳል።

ከገበያ የሚገዛው ዘንጉና ዳዶው ብቻ ነው፤ የቀረው በመንደር ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ጐረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሞርሳ ቢያቆሙ፥ የእርሻ መሣሪያቸውን ዝናም ሳይደርስ በደኅና ማደስ ይችላሉ።