ባሌ እባብ ላርባ አለኝ!

ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ፣ ከዳላስ፣ የደረሰኝን ደብዳቤ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ አስተናጋጇ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» ብላኛለች። ሰውስ አልሞተም። የደብዳቤው ባለቤት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አበሻ ባሏ የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እባብ ገዝቶ ቤት አስገባ። ቻለችው። አሁን ደግሞ ሴት እባብ ጨምሮ ማርባት አማረው። ለእንቁላሎቹ የመረጠው ክፍል ደግሞ የትኛው መሰላችሁ? ለሚወለደው ልጅ የተዘጋጀውን! እሱን ላስወጣ ወይስ እባቡን ነው ጥያቄዋ።

እኔ እባብን ከመፍራት በቀር አላውቀውም። ሳላውቅ ላለመፍረድ ግን ሳምንቱን ሳነብ ከረምኩ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ባልሽ ያመጣው «ኪንግ ስኔክ» የሚባለውን ነው እንጂ ኪንግ ኮብራን አይደለም። መርዝ የለውም፤ የሚበላውን ተጠምጥሞ አጥብቆ ነው የሚገድለው። ንጉሥ የተባለው ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ነው። ጅራቱን የሚያንቃጭለውን መርዘኛ «ራትል ስኔክ» እንኳ ይውጠዋል፤ መርዙን ሰውነቱ ይቋቋመዋል። የኛ ሰው «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይላል፤ ይሄኛው ግን አይቶ አያልፍም። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ሳጥን ማኖር የማይቻለው። ጠዋት ሲነሳ አንዱ ብቻ፣ ያውም ወፍሮ ሊጠብቀው ይችላል።

የዝርያው ነገር ምሁራንንም ሲያወዛግብ የኖረ ነው። የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ላምፕሮፔልቲስ ሲሆን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «የሚያብረቀርቅ ጋሻ» እንደማለት፣ ቅርፊቱን አይተው። «ሚልክ ስኔክ» የሚባሉትም የዚሁ ወገን ናቸው። የካሊፎርኒያው አንዳንዱ ቀለበት ቀለበት፣ አንዳንዱ ከአንገት እስከ ጅራት አንድ ረጅም መስመር ያለው ነው። ድሮ ሁለት የተለያዩ እባቦች ይመስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሎረንስ ክላውበር የሚባል የሳን ዲዬጎ ሰው (ሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው!) ከአንዲት እናት እንቁላሎች ሁለቱም ዓይነት እንደሚፈለፈሉ አሳየ። በቃ፣ ወንድማማቾች ናቸው። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች በዘር ምርመራ ተመርኩዘው አንድ ዝርያ ይባል የነበረውን አምስት አደረጉት። ስለዚህ ሻጭ በቀለም ብቻ የሚያወጣውን ስም ሁሉ ባልሽ እንደ ዝርያ አይቁጠረው።

ማሳደጉ ከባድ አይደለም። ሳጥኑ ባንድ ወገን 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የሚሞቅ፣ በሌላው ወገን ቀዝቀዝ የሚል፣ መደበቂያና ውኃ ያለው ይሁን። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት እንዳይሰካ፤ እባቡን ያቃጥለዋል። ክዳኑ ይቆለፍ፤ ይሄ ፍጥረት በጣት በምታህል ክፍተት ሹልክ ማለት ያውቅበታል። ምግቡ አይጥ ነው፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ። አይጡ ከበርበሬሽና ከዶሮሽ ጎን ፍሪዘር ውስጥ መቀመጡን ዝም ብለሽ ያሳለፍሽው ከሆነ ግን ትዕግሥትሽን አደንቃለሁ። የራሱ ፍሪዘር ይግዛለት። ዓይኑ ደመና ሲለብስ ቆዳውን ሊለውጥ ነውና አይነካካው።

ማርባቱ ነው ጣጣው። እባቦቹ ሆዳቸው ባዶ እስኪሆን ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ይከለከላሉ። ከዚያ ለሁለት ሦስት ወር በቅዝቃዜና በጨለማ ይከርማሉ። ክረምታቸው ሲያልፍ በደንብ ይቀለቡና ሴቷ ከወንዱ ጋር ትገናኛለች፣ ያውም ሰው ቆሞ እየጠበቀ። አምስትም አሥርም እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እርጥበት ባለው ነገር ውስጥ በ28 ዲግሪ ገደማ፣ ሳይገለባበጥ፣ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ከዚያ አሥሩም በየሳጥናቸው፣ በየራሳቸው የአይጥ ግልገል። መቼስ ባልሽ ይሄን ሁሉ ሲያደርግ የልጁን ጡጦ ማን እንደሚያጥብ መገመት አያቅተኝም። ደግሞም ሕፃን ሴት እባብ ከገዛ ለመውለድ እስክትደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ታዲያ ምን አጣደፈው?

እውነተኛው ስጋት ግን ንክሻው አይደለም፣ ሳልሞኔላ ነው። ጤነኛ የሚመስል እባብ ይህን ባክቴሪያ በኩሱ ያወጣል፤ በእጅ፣ በልብስ፣ በሳጥን ይተላለፋል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት እባብም ሆነ እንሽላሊት እንዳይኖር ይመክራል። ይሄን አንብቢለት። አንቺ አስጠላኝ ብትዪው «ፈሪ» ይልሻል፤ ይሄን ግን ምን ይለዋል?

ይሁን እንጂ ተናደሽ ውጭ እንዳትለቂው። በስፔኗ የግራን ካናሪያ ደሴት እባብ የሚባል አልነበረም። ከሰው ቤት ያመለጡና የተለቀቁ የካሊፎርኒያ ኪንግ ስኔኮች ተራቡና፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት መሠረት፣ በተስፋፉበት ሥፍራ የደሴቲቱን ብርቅዬ ትልቅ እንሽላሊት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሰውታል።

እንግዲህ ባልሽን አታስወጪ። እባቡ ከመውለድሽ በፊት ለሚያውቅበት ሰው፣ ልጅ ለሌለው ጓደኛው ይሰጥ። በደንብ ከተያዘ ሃያ ዓመት ሊኖር የሚችል ፍጥረት ስለሆነ ልጁ አምስት ዓመት ሲያልፈው እንደገና ትነጋገሩበታላችሁ። እስከዚያ ሳጥኑን የሚያጥበው እሱ ነው፤ በወጥ ቤት መታጠቢያ ግን አይሆንም፤ ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሆድሽንም አይዳብስ። ክፍሉ የልጁ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ስትገላገዪ ወንድ ይሁን ሴት ጻፊልኝ፤ የእባቡን አልጠይቅሽም።