ሕፃን እርሳስ ከመያዙ በፊት

በከተማችን ካሉት አጸደ ሕፃናት ወደ አንዱ በጧት ጎራ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ፣ ምላሱን ከከንፈሩ ብቅ አድርጎ፣ «ሀ» የምትባለዋን ፊደል አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ያገኘዋል። እርሳሱን የያዘው በጣቶቹ ሳይሆን ዱላ እንደሚያዝ በሙሉ ጭብጡ ነው። ማታ አባት ከሥራ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚለው «እስቲ ደብተርህን አምጣ» ነው። ደብተሩ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ብቻ የሚበላ ነው ተብሎ ይታማል። አስተማሪዋም ይህን ስለምታውቅ፣ ገጹ እንዳይጎድል የልጁን እጅ በእጇ ይዛ ትጽፍለታለች። ገጹን የሞላው ማን እንደ ሆነ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ማንም አይናገረውም።

እኛ ይህን ጉዳይ ለዛሬ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች ከፊሎቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቅፈዋል፤ ከፊሎቹም ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሌላውን ሰው ልጆች ትምህርት የሚወስኑ ናቸው። እንግዲህ ስለ አንዲት ትንሽ እጅ ጥቂት ማወቅ ለሁለቱም የሚጠቅም ይመስለናል።

የሰው አንድ እጅ 27 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ 8ቱ በእጅ አንጓ ላይ የሚገኙ ትናንሾች ናቸው። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ ስምንቱ ገና አጥንት አልሆኑም፤ ልም አጥንት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይሄዱና የመጨረሻው ወደ አጥንትነት መለወጥ የሚጀምረው በአሥር ዓመት ግድም ነው። ጣትን የሚያዙት ትልልቆቹ ጡንቻዎችም የሚገኙት በጣት ውስጥ ሳይሆን በክንድ ላይ ነው፤ ጣቶቹን ከሩቅ ሆነው በጅማት ይስባሉ። አንባቢ ሆይ፣ ቀኝ ክንድህን በግራ እጅህ ጨብጠህ ጣቶችህን ብታንቀሳቅስ ነገሩን ወዲያው ትረዳዋለህ። ስለዚህ የጣት ብልሃት የሚመጣው ትከሻውና ክርኑ፣ ቀጥሎም አንጓው ሲጸና ነው። አንድ ዓመት የሚጠጋው ሕፃን የወደቀች ፍርፋሪ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መልቀም ይችላል። በሦስት ዓመት ግድም ክብ፣ በአራት ግድም መስቀል፣ በአምስት ግድም አራት ማዕዘን አይቶ ይገለብጣል። የእኛ «መ» ደግሞ ሁለት ክብ ተያይዘው የቆሙባት ናት፤ «ሸ»ና «ኘ» በራሳቸው ላይ ሰረዝ ተጭኖባቸዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ክብ ማዞር ገና ለሚታገለው ልጅ ይህ ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ አስሉት።

«አጸደ ሕፃናት» የሚለው ቃል ራሱ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ፍሪድሪሽ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. በባድ ብላንክንቡርግ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት፣ በ1840 ዓ.ም.ም ይህንኑ ስም ሲያወጣለት፣ ለልጆቹ ያቀረበላቸው የሱፍ ኳስና የእንጨት ኩቦች ነበር፤ ወረቀት ማጠፍ፣ መጐንጐንና ጭቃ ማድቦልቦልም ነበረበት። ከእርሱ በኋላ ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በሳን ሎሬንዞ ሠፈር የድኾችን ልጆች ሰበሰበች። በእርስዋ ቤት ልጁ የሚያነሣው የእንጨት መሣሪያ በሦስት ጣት ብቻ የሚያዝ ትንሽ እጀታ ነበረው፤ ያው ሦስት ጣት ነው በኋላ እርሳስ የሚይዘው። ቁልፍ መቆለፍና ክር ማሰር የሚለማመዱበት ጨርቅ የተወጠረበት ማዕቀፍም ነበራቸው። ፊደሉን ከመጻፋቸው አስቀድሞ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይከተሉት ነበር። እኛ ስሙን ወስደን በብዙ ቦታ ሥራውን ረስተነዋል ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። እናት ሰፌዷን ዘርግታ ምስር ስትለቅም ልጅዋን ከአጠገቧ ብታስቀምጠውና ጠጠሩን ለይ ብትለው፣ ከአንድ ገጽ «ሀ» የበለጠ የጣት ትምህርት ሰጥታዋለች። ለእንጎቻው የሚሆን ሊጥ ስትሰጠውም እንዲሁ ነው። በየመንደሩ ሕፃናት ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሯት መኪና ሽቦ ማጠፍ፣ ማጠማዘዝና ጎማውን ማመዛዘን ትጠይቃለች፤ የሠራው ልጅ ግን እየተጫወትኩ ነው እንጂ እየተማርኩ ነው አይልም። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ ሌላውን ከመሬት አንሥታ የወረወረችውን ስትቀልብ፣ ዓይንና እጅ እንዴት እንደሚስማሙ ተመልከቱ። የሰባት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ወስፌ ይዛ በአክርማ ስፌት ስትጀምርማ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ሙያ ሆኗል። (ወንዱ ልጅ ግን እስከ ስምንት ዓመቱ ሸሚዙን እናቱ ትቆልፍለታለች። ለምን እንደ ሆነ እናቶች ይንገሩን።)

የቄስ ትምህርት ቤትንም ማንሣት ይገባል። እዚያ ሕፃኑ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ያነባል፤ ማንበብ እንጂ መጻፍ ግን አያስቸኩሉትም ነበር። ቁም ጽሕፈት ብርዕ መቅረጽና ቀለም መበጥበጥን ጨምሮ ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ሆነ፣ የሚማረው ጣቱ የጸና ሰው ነበር። አለንጋውን ለማወደስ አልተነሣንም፤ ነገር ግን ማንበብንና መጻፍን ለይቶ ማየት በአባቶቻችን ዘንድ የታወቀ ነገር እንደ ነበር እንመሰክራለን።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «ታዲያ በወር ያን ያህል ገንዘብ የምከፍለው ልጄ ጭቃ እንዲያቦካ ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ክፍያው ከደመወዙ ብዙውን የሚወስድበት ሰው በምትኩ የሚጨበጥ ነገር ማየት ይፈልጋል፤ የተጻፈ ገጽም ይታያል፣ የጸና ጣት ግን አይታይም። እኛ የመለስንለት ልጁን በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሣልልኝ ብሎ ወረቀቱን ቀን ጽፎ እንዲያስቀምጥ ነው። መጀመሪያ ራስና ሁለት እግር ብቻ ይወጣል፤ ቀስ በቀስም እጅ፣ ቀጥሎም ጣቶች ይጨመራሉ። ይህ ማንም እጁን ይዞ የማይሞላለት ደብተር ነው። ወዳጃችን ለጊዜው ዝም አለ፤ አስተማሪዋን ግን እንደማይወቅሳት ቃል ገብቶልናል፣ እርስዋ የምትጽፈው እርሱ ስለሚጠይቃት ነውና።

በቤት ሊጀምር ለሚፈልግ ወላጅ ጥቂት ጥንቃቄ እንጨምር። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባቄላ፣ ዶቃና ብይ ብቻውን አይሰጠውም፤ ወደ አፉ ወይም ወደ አፍንጫው ይከተዋልና። የሚሰካካ ነገር ካስፈለገ ከጉሮሮው የማይገባ ትልቅ ይሁን። ሙጫ ለመግዛት መቸገር አያስፈልግም፤ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲወፍር ወረቀት ያጣብቃል። መቀስ ጫፉ የደነዘ ሲሆን ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት መቅደድ ይበቃዋል፦ አሮጌ ጋዜጣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ በቀጭን በቀጭኑ መተርተር ለትንሽ ልጅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ገጽም ተነብቦ ካለቀ በኋላ ለዚሁ ቢውል እኛ ቅር አይለንም።