አማቻችን ፐርሲየስ፣ ንጉሣችን ሜምኖን

ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ጌም ቤት አንድ ታዳጊ ከፐርሲየስ ጋር ተናንቋል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር 2» ነው። ፐርሲየስ ሲሰወር ልጁ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ውኃው ሲንቦጫረቅ ያለበትን ያውቅና የጨዋታውን ጀግና ክሬቶስን ይሰድድበታል።

«ይሄ ሰውዬ አማቻችን መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ነገሩ ግን አልለቅ አለኝ። ፐርሲየስ ከባሕር አውሬ አድኖ ያገባት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። በ1981 የወጣው «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ» ፊልም ኢትዮጵያዊነቷን ፍቆ የኢዮጴ ልዕልት አደረጋት። በፊልሙ ፐርሲየስን የተጫወተው ሃሪ ሃምሊን በጌሙም ድምፁን ሰጥቶታል።

ሜምኖን ግን እንዲህ በቀላሉ አይፋቅም። የንጋት አምላክ የኢዮስ ልጅ፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ ሄክቶር ከወደቀ በኋላ ለአጎቱ ለፕሪያም ጦሩን አስከትቶ ትሮይ የደረሰ ጀግና ነው። የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ጣለ፤ እሱንም አኪሌስ ገደለው። ሉክሶር አጠገብ ያሉትን የፈርዖን አሜንሆቴፕ 3ኛ ሐውልቶች ግሪኮች በእሱ ስም ጠሯቸው። አንደኛው በመሬት መንቀጥቀጥ ከተሰነጠቀ በኋላ ጎህ ሲቀድ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ልጅ እናቱን ሰላም እያለ ነው ተባለ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ130 ድምፁን ሊሰማ ሄዷል። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ በአብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኩሽ ምድር እንደነበረ አውቃለሁ። ስሙን ይዘን የቀጠልነው ግን እኛ ነን።

ይህን ንጉሥ በ2021 የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ «ቶታል ዋር ሳጋ፦ ትሮይ» ውስጥ ጦር አሰልፎ አስገባው።

የጌም ቤቱ ባለቤት ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ጋሼ፣ ልጆቹ ክሬቶስን ከጎረቤታቸው በላይ ያውቁታል! የአርሲ ልጅ ኃይሌን በጌም አይቶ አያውቅም፤ ቀነኒሳን አይቶ አያውቅም። እዚህ የሚገባው ጀግና ሁሉ የሰው አገር ነው። ሜምኖንን አምጡልኝ፣ በነጻ አጫውታለሁ!»

የአገር ታሪክ በጌም እንዲሠራ የሚያግዝ ዕቅድ እንዳለ አንድ የባህል ዘርፍ ኃላፊ ጠይቄ ነበር። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ የለም።

ሙያው ግን አለ። ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን ጌም ሠርቶ አሳይቷል። ጌም የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ሜምኖንን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አናግሩልን።